የስንዴዋ መርከብ በመስቀል ሰሞን

«መርከቧስ?»

ሆሳዕና ዐይኗን ሙሉ ለሙሉ ሳትገልጥ እናቷ ዘርፈሽዋል በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ደህና አደርሽ» የለ፣ «ተነሺ» የለ። ሰሞኑን የዚያ ቤት የጠዋት ሰላምታ ይኼው ሆኗል።

«ገና አላየሁም፣ እማዬ» አለች ሆሳዕና ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ እየሳበች። «ስልኬ ከሰሪ ቤት የመጣው እኮ ትናንት ነው። እዚህ ደግሞ ኢንተርኔት የሚከፍት ኔትወርክ የለም።»

«እንግዲያው ተነሽና ኔትወርክ ያለበት ሂጂ። አባባ ትናንት ሁለቴ ደውለዋል። ዛሬ ሳይመሽ ቁርጡን ንገሩኝ ብለዋል።» ዘርፈሽዋል የበርበሬ ጆንያዋን ወደ ትከሻዋ አነሳች፣ መልሳ አወረደችው፣ ትንሽ አረፈችና እንደገና አነሳችው። «እኔ ገበያ ሄጃለሁ። ለወንድምሽ ቁርስ ስጪው።»

ቡታጅራ ከባሕር ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ዓሣ ያማረው ሰው እንኳ ዝዋይ ድረስ መውረድ አለበት። ያም ሆኖ በዚያ የመስቀል ሰሞን፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ፣ አንድ በሬ ታስሮ ጅቡቲ ላይ የቆመች መርከብ ይጠብቅ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኼ ነው።

የሆሳዕና አባት ሀብተጊዮርጊስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ስንዴ እየጫነ ወደ መሀል አገር ያመላልሳል። ለአባቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ነው። በእነሱ ቤት የመስቀሉን በሬ ሽማግሌው አያት፣ አባባ፣ ይመርቃሉ፤ ቢላዋውን የሚይዘው ግን ታላቁ ልጅ ነው። እሱ ሳይደርስ በሬው አይታረድም። አምና ሀብተጊዮርጊስ ከመንገድ የደረሰው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነበር፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እስከዚያ ሆዱን ይዞ ጠብቆታል። ዘንድሮ ሽማግሌው ሰልችቷቸዋል። በስልክ ነገሩን ቆረጡት፤ «መርከቧ ገብታ ከሆነ ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ እጠብቀዋለሁ። ካልገባች ግን ቢላዋውን ለኢዮብ እሰጣለሁ» አሉ።

ኢዮብ የሀብተጊዮርጊስ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁ ትንሽ ይበዛል እንጂ። መስቀል ሲደርስ መኪናውን ጢም አድርጎ ጭኖ ይመጣል፤ ለሽማግሌው ጋቢ፣ ለአክስቶች ሻሽ፣ ለልጆች ብስኩት። ቢላዋው አንዴ ወደ እሱ ከሄደ በቀላሉ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ያኔ ሀብተጊዮርጊስ በገዛ አባቱ ግቢ፣ ታላቅ ሆኖ ሳለ፣ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ነው።

የመርከብ ነገር የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። አምና የጂኦግራፊ መምህሯ አስረስ፣ ከጎጃም የመጡ ቀጭን ሰው፣ ክፍሉን «እያንዳንዳችሁ አንድ ወደብ ምረጡና ተከታተሉ» አሉ። የትኛው መርከብ የት እንዳለ፣ ምን እንደጫነ፣ በየወሩ ስንት ቶን ጭነት እንደተራገፈ፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። «አገራችን ባሕር ባይኖራት ዐይን አላት» ይሉ ነበር መምህር አስረስ። ሌላው ልጅ በሻንጋይና በዱባይ ሲሻማ ሆሳዕና ጅቡቲን ያዘች። የቤት ሥራው በሰኔ አለቀ፤ እሷ ግን ማየቱን አልተወችም። አባቷ ባለበት አካባቢ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ደስ ይላት ነበር፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ «ካፒቴን» የሚል ስም አወጣላት። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። አሁን አሁን ግን ደክሟታል። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ «ካፒቴን፣ መርከቧስ?» ይሏታል። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ሹፌሩ ዞሮ «መርከቧስ?» ይላታል። ስልኳ ተሰብሮ ሰሪ ቤት በቆየበት ጊዜ እንኳ አላረፈችም። ያኔ የምትመልሰው አባቷ በስልክ የነገራትን ነበር፤ «ካሊስታ ገና ባሕር ላይ ናት። መኪኖቹ ተራ ይዘው ቆመዋል።» ካሊስታ ማለት ስንዴውን የጫነችው መርከብ ናት።

ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ባለው የድንጋይ ክምር ላይ ኔትወርክ ይገኛል። ሆሳዕና በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ቆመች። ወንድሟ ክርስቲያን ዳቦውን እየገመጠ ከሥሯ መጣ።

«አባዬ በመርከብ ነው የሚመጣው?»

«በመኪና ነው።»

«መርከቧ ውስጥ በሬ አለ?»

«ስንዴ ነው ያለው። ዳቦህን ብላ።»

ካርታው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ሰማያዊው ባሕር፣ ከዚያ የወደቡ ጥግ፣ ከዚያ መርከቦቹ። የቆመች መርከብ በክብ ነጥብ፣ የምትጓዝ መርከብ በቀስት ትታያለች። ሆሳዕና ካሊስታን ከወደቡ ውጭ ከቆሙት ነጥቦች መሀል ፈለገች። የለችም። ስሟን ጽፋ ስትፈልግ ካርታው ወደ ምሥራቅ ሸሸ፤ ካሊስታ ቀስት ሆና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እየሄደች ነው።

የመርከቧን ዝርዝር ከፈተች። መምህር አስረስ አስረድተዋቸው ነበር፤ አህያ ጭነቷ ሲወርድላት ጀርባዋን እንደምታቀና ሁሉ መርከብም ስትራገፍ ከውኃው ከፍ ትላለች፤ ምን ያህል ጠልቃ እንደምትሄድ ደግሞ ተጽፎ ይታያል። ካሊስታ ከፍ ብላለች። ባዶዋን ናት። የወደቡን የጭነት ሰንጠረዥ ስታይ እዚያም የካሊስታ ስንዴ ተራግፎ አልቋል ይላል፤ ያውም ከሦስት ቀን በፊት።

«ገብታለች!» ብላ ጮኸች። «ክርስቲያን፣ ገብታለች! አባዬ መንገድ ላይ ነው!»

ክርስቲያን ምኑም ሳይገባው መዝለል ጀመረ። ሆሳዕና እጁን ይዛ ወደ ገበያ ሮጠች። መታጠፊያው ላይ ጓደኛዋን ሃፊዛን አገኘቻት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«ካፒቴን! ምን ሆነሽ ነው እንደ እብድ የምትሮጪው?»

«መርከቧ ገብታ ሄዳለች! አባዬ ገና ናት ያለን ሰርፕራይዝ ሊያደርገን ነው።»

«ወላሂ? ይመቸው አቦ!» አለች ሃፊዛ፤ እሷም አብራ ሮጠች።

ዘርፈሽዋል ገበያው ውስጥ ከማረቆ በርበሬዋ ኋላ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ በሁለት እጇ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ልጆቹን ስታይ በዐይኗ ወደ ስልኩ አመለከተች። ደዋዩ ሀብተጊዮርጊስ ነው።

«እሺ... እሺ... አይዞህ። ምን ታደርገዋለህ፣ በእጅህ አይደለ» ትለዋለች። ከዚያ ስልኩን ለሆሳዕና ሰጠቻት። «አባትሽ ነው። አናግሪው።»

ሆሳዕና ስልኩን ስትቀበል እየሳቀች ነበር። «ደርሻለሁ» እስኪላት ቸኩላለች።

«ሆሲዬ» አለ ሀብተጊዮርጊስ። ድምፁ ጎርነን ብሏል። «ያቺ መርከብሽ እኮ አስቸገረችን። ዛሬም አልገባች። ይኸው ከቆምኩበት ትታየኛለች።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንደነበረ ቀረ። ሃፊዛ አፍጥጣ ታያታለች።

«ሆሲ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ» አለች። «እሺ አባዬ።»

ስልኩን ለእናቷ መለሰች። ዘርፈሽዋል የበርበሬ ብናኝ እንዳይነካት ዐይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ «አንቺስ አየሽልኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ገና ነው። ኔትወርኩ አስቸገረኝ» አለች ሆሳዕና። ክርስቲያን አፉን ሊከፍት ሲል እጁን ጨመቅ አደረገችው። እሱም ዝም አለ፤ ደግነቱ ዳቦው አላለቀም ነበር።

ክርስቲያንን እናቱ ጋ ትተው ሁለቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ሄዱ። ምዝገባ ስለነበር ግቢው ውስጥ ሰው ይበዛል፤ ከአጥሩ ውጭ ግን የባሕር ዛፍ ጥላ አለ። ሆሳዕና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም እንደገና አየችው። ካሊስታ አሁንም እየራቀች ነው።

«ሌላ የስንዴ መርከብ ብትሆንስ የሚጠብቃት?» አለች ሃፊዛ። «ስሟን ተሳስቶ ቢሆንስ?»

ፈለጉ። ከወደቡ ውጭ የቆሙት ነዳጅ የጫኑና ኮንቴነር የጫኑ ናቸው። ስንዴ የጫነች አንዲትም የለችም።

«ሆሳዕና... ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ምንም። ፊልም አብዝቼ ነው» አለች ሃፊዛ፤ ዐይኗን ወደ መንገዱ አዞረች። ሆሳዕና ግን ገብቷታል። መንገደኛ ሹፌር ሌላ ከተማ ሌላ ቤት አለው ሲባል ሁለቱም ሰምተው ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ተቀምጣ ማሰብ አልቻለችም፤ ደወለችለት።

«አባዬ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ካሊስታ ሄዳለች።»

ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል፣ የሆነ ሰው በኦሮምኛ ይጣራል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ ያየሁት። ማንም ሊያየው ይችላል።»

«ስልክሽ ሰሪ ቤት አይደል እንዴ?»

ይህቺ ጥያቄ ከሁሉም በላይ አመመቻት። እንደማታይ ተማምኖ ነበር ማለት ነው። «ትናንት መጣ» አለችው።

ሀብተጊዮርጊስ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ባለቤቶቹ መኪናዋን ሸጧት፣ ሆሲ። በነሐሴ። አዲሱ ባለቤት የራሱ ሹፌር አለው።»

«አሁን የት ነህ ታዲያ?»

«ሞጆ። ዘበኛ ሆኜ የቆሙ መኪኖች እጠብቃለሁ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ።» ሊስቅ ሞከረ። «ወደብ ነኝ ስላችሁ ጨርሶ አልዋሸሁም።»

ሆሳዕና አልሳቀችም። በነሐሴ መጨረሻ ደውሎ «ስንዴ ጭና የምትመጣው የትኛዋ ናት?» ብሎ እንደጠየቃት አሁን ትዝ አላት። እሷም በኩራት ስሟን፣ ጭነቷን፣ ትደርሳለች የተባለበትን ቀን ሳይቀር አንብባለታለች። አባቷ ሙያዋን ያደነቀላት መስሏት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ውላ ነበር። ለካ ውሸቱን ያቀበለችው እሷ ራሷ ናት። መጀመሪያ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም፣ ዝም ብሎ ድካም ሆነ።

«ለእማዬ ለምን አልነገርካትም?»

«ከመስቀል በኋላ እነግራታለሁ። ደህና ሥራ ላግኝና እነግራታለሁ። አሁን በምን ፊቴ ልምጣ? ኢዮብ መኪና ሙሉ ሲያወርድ እኔ ምን ይዤ ልቁም? ባዶ እጁን ለመስቀል የገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይታ አታውቅም። በአካባቢያቸው ዓመቱን ሙሉ የትም ይከረማል፤ ለመስቀል ግን የትም ያለ ይገባል፣ የሆነ ነገር ይዞም ይገባል። ያልሞላለት ሰው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ባለበት ይቀራል። ዘመድም «ሥራ በዛበት» ይላል፤ ማንም አይጠይቅም። የጎረቤታቸው ልጅ እንዲሁ ሥራ እንደበዛበት ሦስት መስቀል አልፎታል፤ እናቱ አሁን ስሙን ማንሳት ትታለች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «ዛሬ አባባ ሲደውሉ አልገባችም በሏቸው። ቢላዋውን ኢዮብ ይያዘው፤ ለአንድ ዓመት ነው። አንቺ አየሁ ካልሽ ያምኑሻል።»

«አባዬ...»

«አደራ። እስከ መስቀል ብቻ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሆሳዕና ለሃፊዛ ሁሉንም ነገረቻት። ሃፊዛ ለጥቂት ጊዜ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ጫረች።

«ሌላ ሚስት ባለመሆኑ አልሐምዱሊላህ» አለች።

«ሃፊዛ!»

«ምን? ፈርቼ ነበር እኮ። አንቺም ፈርተሽ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ብሆን እዋሻለሁ። አባትሽ ነው የለመነሽ። ብትናገሪ ሰው ያወራበታል። ደግሞ በስልክ ነው፤ ስትዋሺ ፊትሽ እንደሚያስታውቅ አያዩትም።»

«እማዬ ታየዋለች።»

«እሱስ አዎ» አለች ሃፊዛ። ወደ ቤት ሲመለሱ «ካፒቴን፣ መርከቧስ?» ብሎ የጠየቃቸውን ባለሱቅ ሃፊዛ «ሰጠመች!» ብላ መለሰችለት፤ ሰውዬው እስኪያልፉ ድረስ ሲስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሥራ ተያዘ። በማግስቱ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እርዱ። ዘርፈሽዋል ከገበያ እንደገባች ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ጎመን መክተፍ ጀመረች። ሆሳዕና አጠገቧ ተቀምጣ ቅጠሉን እየመረጠች ታቀብላታለች። የዘርፈሽዋል ጣቶች በበርበሬው ቀልተዋል። ቶሎ ቶሎ ትከትፍና ድንገት ቆም ትላለች፤ ክንዷን ታሻለች፤ እንደገና ትጀምራለች።

«ደከመሽ እማዬ?»

«ጎመኑ አይደለም ያደከመኝ» አለች ዘርፈሽዋል። «መጠበቁ ነው። ሰው ሥራ ሠርቶ ይደክመዋል፤ እኔ በር እያየሁ ደከመኝ።»

ሆሳዕና አንድ ቅጠል አንስታ ሁለት ሦስቴ አገላበጠችው። «ምን ይዞ እንዲመጣልሽ ነው የምትጠብቂው?»

«ማን፣ አባትሽ?» ዘርፈሽዋል ጥያቄው አስገርሟት ቀና አለች። «ጆሮውን ይዞ ይምጣልኝ። የማወራው ሰው አጣሁ እኮ። ያንተ ልጅ እንዲህ አለች፣ ጣሪያው እንዲህ ሆነ፣ ጎረቤቷ እንዲህ አናገረችኝ፣ የምለው ሰው። በስልክማ ሁልጊዜ ቸኩያለሁ ነው።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ዐይኗ ድረስ አልዘለቀም። «አንቺም ትልቅ ሰው ሆነሽ እንዲህ ያለ ነገር ትጠይቂኝ ጀመር።»

ሆሳዕናን አንጀቷን በላት። ሞጆ ላይ የቆሙ መኪኖች የሚጠብቀው ሰው ምን ይዤ ልግባ እያለ ራሱን ሲበላ፣ እዚህ ያለችው ሚስቱ የምትፈልገው ጆሮውን ብቻ ነው። ይህን ለሁለቱም የሚነግር ሰው የለም። አባቷ አደራ ብሏታል፤ እናቷ ደግሞ ፊቷን ካየች ታውቅባታለች። አልገባችም ብትል አባቷ ይቀራል፤ ዘንድሮ ከቀረ ደግሞ ለከርሞ ይበልጥ ያፍራል። የጎረቤታቸው ልጅም የጀመረው በአንድ መስቀል ነበር።

ፀሐይዋ ከአጥሩ ኋላ ለመግባት ጥቂት ሲቀራት የዘርፈሽዋል ስልክ ጠራ። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ አነሳችው።

«አቤት አባባ... እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ ጎመኑን እየጨረስን ነው፣ ነገ በጠዋት እርስዎ ጋ እንመጣለን... ኢዮብ ገባ? እሰይ... አዎ... ቆይ፣ ይኸው ልጅቷ እዚሁ ናት።» ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። «ሆሲ፣ ቁርጡን ነው የሚፈልጉት። ምን ልበላቸው?»

ሆሳዕና የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች።

«ገብታለች በያቸው። ገብታ፣ ስንዴዋን አራግፋ፣ ሄዳለች።»

ዘርፈሽዋል ዐይኗን ሳትነቅል አየቻት። «ጠዋት ከቆምኩበት ትታየኛለች ብሎኝ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። የቀረውን ሲመጣ እሱን ጠይቂው።»

ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌው «ሃሎ? ሃሎ?» ይሰማል። ዘርፈሽዋል ሞኝ አይደለችም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሲያልፍ ሆሳዕና አየች፤ ፍርሃት ይሁን፣ ቀድሞም የጠረጠረችው ነገር ይሁን አልለየችውም። ከዚያ እናቷ መዳፏን ከስልኩ ላይ አነሳች።

«ገብታለች፣ አባባ» አለች በተረጋጋ ድምፅ። «አዎ፣ መርከቧ ገብታለች። ይጠብቁት።»

ሽማግሌው ምርቃት ጀመሩ፤ ምርቃታቸው ረጅም ነው። ዘርፈሽዋል «አሜን፣ አሜን» እያለች ሰማቻቸው። ስልኩን ስትዘጋ ሆሳዕናን ምንም አልጠየቀቻትም። ቢላዋዋን አንስታ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። «ሂጂ ደውይለት» አለች ቀና ሳትል። «አባባ እየጠበቁህ ነው በይው።»

ሆሳዕና የድንጋዩ ክምር ላይ ወጣች። ሀብተጊዮርጊስ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። ገብታለች አልኳቸው።»

«ሆሳዕና!» ሙሉ ስሟን የሚጠራት ሲቆጣ ብቻ ነው። «ምን አደረግሽ? አደራ አላልኩሽም?»

«መዋሸት አቃተኝ። ስለ ሞጆ ግን ለማንም አልተናገርኩም። እሱን አንተ ንገራት» አለች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ቸኩላ ቀጠለች። «አጎቴ ኢዮብ ገብቷል። አባባ ግን ቢላዋውን አልሰጡትም፣ አንተን እየጠበቁ ነው። እማዬ ደግሞ የማወራው ሰው አጣሁ ብላለች። ምንም አምጣ አላለችም።»

«ባዶ እጄን ነኝ እኮ፣ ልጄ። ገባሽ? ባዶ እጄን።»

«ቢላዋ የሚያዘው እኮ በባዶ እጅ ነው፣ አባዬ።»

ይህን ያለችው አስባው አልነበረም። ደክሟት ነው ያለችው። በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ የተዘጋ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው። አልተዘጋም። ቀጥሎ የሰማችው አባቷ አፍንጫውን ሲስብ ነበር። አባቷ ሲያለቅስ ሰምታ ስለማታውቅ ምን እንደሚባል አታውቅም።

«ነገ ከዝዋይ ወደ ቡታጅራ» አለ በመጨረሻ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ሆሳዕና አታውቅም። ከሕንድ አገር የተነሳች መርከብ ጅቡቲ የምትደርስበትን ቀን ልትነግረው ትችላለች፤ የዝዋይ ሚኒባስ መቼ እንደሚነሳ ግን የትም አልተጻፈም።

«መናኸሪያ ሄጄ ልጠይቅልህ። እደውልልሃለሁ» አለችው። ከድንጋዩ ወርዳ ነጠላ ጫማዋን በስኒከር ቀየረችና፣ ተራ አስከባሪዎቹ ሳይበተኑ ለመድረስ ወደ አስፋልቱ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች።